በወይራ የታጠኑ አርባ ግላሶች

ያ ሽታ አይለቅም ነበር። ሁለቴ ታጥቤ፣ ፀጉሬን በሎሚ አሽቼ፣ ከላይ እስከ ታች ልብስ ቀይሬ ባቡር ውስጥ ስቀመጥ፣ ፊት ለፊቴ ያለው ሰው አፍንጫውን ነፋ ነፋ ያደርግና ቀና ብሎ ያየኛል። ሂጃቤን ሲያይ ደግሞ የበለጠ ግራ ይገባዋል። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየሁ በሆዴ እጣላዋለሁ። «ምን ታፈጣለህ? ከሥራ ነው የመጣሁት!» እለዋለሁ። አፌ ግን ዝም ነው። በኤፍ፣ በጊዜያዊ መታወቂያ የሚኖር ሰው ባቡር ውስጥ አይጮህም።

ሥራዬ ካናቢስ ማድረቅ ነበር። አዎ፣ እሱኑ! እዚህ ስዊስ አገር ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የሚያሳስረው ነው። ሌላው ራስ የማያዞረው፣ ፈቃድ ተሰጥቶት በየኪዮስኩ በከረጢት የሚሸጠው ነው፤ ሰዎቹ «ሃንፍ» ይሉታል። እኛ የምናደርቀው ይህን ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው ቀን ሼፉን፣ እዚህ አለቃ ማለት ነው፣ «ይሄ ነገር የተፈቀደ ነው?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። በሦስተኛው ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ከነመስታወቱ አውርዶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ጽሑፉ ግማሹ አልገባኝም፤ ማኅተሙን ግን በደንብ አየሁት። መታወቂያዋ ላይ «ለጊዜው ነው እንጂ ኑሪ አላልንሽም» የሚል ፊደል ያለባት ሴት ከማኅተም ሌላ ምን ታያለች?

ከአገር የወጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ምርጫ ጣቢያ ታዛቢ ነበርኩ። ያየሁትን ጻፍኩ፣ ፈረምኩበት። ከዚያ የሆነውን አልዘረዝረውም። ባሌ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ወጣን፤ እሱ ሱዳን ደርሶ ሌላ ትዳር ያዘ፣ አላህ ይባርክለት። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጄን ለእናቴ ትቼ ስወጣ «ስድስት ወር ብቻ» ብዬ ነበር። ሃንፍ ቤት ስገባ ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አያቷን «እማዬ» ትላለች፤ ለእኔ የተረፈኝ «እሙ» ነው። በስልክ «እሙ፣ ደህና ነሽ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ» እላታለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ አልኩ።

እሷን ለማምጣት ምን እንደሚያስፈልግ በስደተኞች ቢሮ የምታማክረኝ ሴት በጣቷ ቆጥራ ነገረችኝ። ከመንግሥት ድጎማ መውጣት፣ የሚበቃ ቤት፣ ቋሚ የሥራ ውል። ከድጎማ ወጥቻለሁ። ቤቱንም ዋሊሰለን፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ አገኘሁ። የቀረኝ ውሉ ነበር። ወረቀቱ እስከ ጃንዋር መጨረሻ ካልገባ የልጅቷ ጊዜ ያልፋል፣ ከዚያ ወዲያ ብታለቅሺም የሚሰማሽ የለም አለችኝ። ከዚያ በፊት ክሎተን፣ የአውሮፕላን ምግብ የሚታሸግበት ቤት በሦስት ወር በሦስት ወር ውል ስንከራተት ነበር የኖርኩት፤ ቋሚ የሚለው ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ሼፉ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት «የዘንድሮው ምርት በደህና ከወጣ ቋሚ ትሆኛለሽ» አለኝ። ልጄ ሃንፉን በምናደርቅበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ከቅርንጫፎቹ ጋር ተሰቅላለች ማለት ነው።

ሼፉ ስድሳውን ያለፈ፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። አባቱ ትምባሆ አድራቂ ነበር አሉ፤ አፍንጫውን ከሱ ወርሷል። ማንኛውንም ነገር ከማየቱ በፊት ያሸተዋል። ዳቦውን ያሸታል፣ ፖስታውን ያሸታል፣ አንድ ቀን አዲስ የገዛሁትን ጫማ ጎንበስ ብሎ ሲያሸት አይቼ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከአፉ የማይጠፋው ቃል «ላንግሳም» ነው፣ ቀስ በይ ማለት ነው። ቅርንጫፎቹን ገልብጠን በጨለማ እንሰቅላለን። ፀሐይ የለም፣ ሙቀት የለም፣ ማራገቢያው ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው የሚነፍሰው። እኔ በርበሬ በሦስት ቀን ፀሐይ ሲኮማተር ያየሁ ሰው ነኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በጨለማ ቆሜ ቅጠል መጠበቅ አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር። ማራገቢያውን ወደ ቅርንጫፎቹ ላዙረው ስል ሼፉ ከኋላዬ «ላንግሳም!» ይላል። ቶሎ ከደረቀ ሽታው ይሞታል፣ ከዘገየ ይሻግታል። ቀጭኑ እንጨት ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር ከጀመረ ያን ጊዜ ደርሷል።

ሥራው ግን እዚያ አያልቅም። አበባው ተለቅሞ ሰፊ አፍ ባላቸው፣ እኛ ግላስ በምንላቸው ባለ ክዳን የብርጭቆ ዕቃዎች ውስጥ ይገባል። ክዳናቸው ላይ የእርጥበት መለኪያ አለ፤ ስልሳ አካባቢ መቆም አለበት። በየቀኑ እያንዳንዱ ተከፍቶ ትንሽ እንዲተነፍስ ይደረግና ይዘጋል። መጀመሪያ የደረቀ ሣር ይሸታል፤ ሦስት አራት ሳምንት ሲቆይ ሣሩ ይጠፋና ጣፋጭ፣ ሎሚም ጥድም የሚመስል ነገር ይመጣል። ገዢዎቹ ሲመጡ አበባውን ገና ሳያዩት አፍንጫቸውን ግላሱ ውስጥ ይከታሉ። እኔ በየጠዋቱ ክዳን ስከፍት ነጭ ነገር ባየሁ ቁጥር ሻጋታ ነው ብዬ እደነግጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የአበባው የራሱ አቧራ ነው። ቤት ገብቼ እንኳን ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ የመለኪያ ቁጥር ነበር።

ኖቬምበር ላይ አንድ ቅዳሜ እህቴን ልጠይቅ ጄኔቫ ሄድኩ። ታላቄ ናት፣ ቶኔ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት ቤት እየሠራች ትኖራለች። ለሷ የነገርኳት ሻይ ቅጠል አደርቃለሁ ብዬ ነው። ምን ልበላት! አምስት ወቅት የምትሰግድ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካየች መንገድ የምትቀይር ሴት ናት። በሩን ከፍታ ስታቅፈኝ ቆም አለች።

«አንቺ! ምንድን ነው የምትሸቺው?»

«ሻይ ቅጠሉ ነዋ፣ እትዬ።»

«ይሄ የምን አገር ሻይ ነው? ወላሂ ደስ አይልም!»

ገፋ አድርጋኝ ገባችና እርጎ አቀረበችልኝ። ከስዊስ ወተት የተሠራ ነው፣ ግን ዕቃውን በወይራ አጥናዋለች። አንድ ጊዜ ፉት ስል ደሴ ገባሁ። እኛ ቤት ወተት ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ አይገባም፤ እናቴ ቅሏን በወይራ ጢስ ላይ ደፍታ፣ ጢሱን ጠጥቶ እስኪጨርስ ትጠብቃለች። የሚከረፋ ዕቃ ሁሉ መድኃኒቱ ወይራ ነው። እህቴ ዓይኔ እንባ ማቅረሩን ስታይ ጊዜ ከጓዳ አንድ እስር የወይራ እንጨት በፌስታል ጠቅልላ አመጣችልኝ። «በይ ያዢ፣ ቤትሽንም አጥኚው። ያንን ሻይሽን ያጠፋልሻል» አለችኝ።

ዙሪክ ዋናው ባቡር ጣቢያ ስወርድ ፖሊሶች ውሻ ይዘው ቆመዋል። ውሻው በሰው መሃል አልፎ፣ አልፎ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ቁጭ አለ። ቁጭ! ያ ሁሉ ሕዝብ ዞሮ አየኝ። ቦርሳዬን ከፈቱት። እርጎ፣ ሻሽ፣ የወይራ እንጨት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አንደኛው፣ እንጨቱን አንሥቶ።

«እንጨት ነው።»

«ለምን ይሆናል?»

«ለዕቃ ማጠኛ።» የማውቀውን ጀርመንኛ ሁሉ አራግፌ ብነግረውም አልገባው። ሼፉ የሰጠኝን የሥራ ደብዳቤ አወጣሁ። አነበቡት፣ ተያዩ፣ ሳቁ። «ጥሩ አፍንጫ አለው» አለኝ አንደኛው፣ ውሻውን እየደባበሰ። ለሱ ቀልድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር መዝገብ ላይ ቢሰፍርስ? የልጄ ወረቀት ላይ ቢለጠፍስ? እያልኩ ያን ሳምንት በየቀኑ የፖስታ ሳጥኔን በፍርሃት ነበር የምከፍተው።

ዲሴምበር ሲገባ ግላስ አነሰን። ሼፉ ክሎተን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አገኘ፤ ዱሮ ከሚስታቸው ጋር ኪያር በአቼቶ እየዘፈዘፉ ይሸጡ የነበሩ ናቸው። ሚስታቸው ስትሞት ሥራውን ተዉት። አርባ ግላስ በትንሿ መኪናቸው ጭነው ራሳቸው አመጡ። አንዳንዱ ላይ የሚስታቸው የእጅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት እንደተለጠፈ ነበር። ሲያወርዱ እያንዳንዱን በእጅጌያቸው ያብሱታል። «በደንብ ያዢልኝ» አሉኝና ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ፣ እንደ ልጅ።

በማግሥቱ ሼፉ የእህቱን ሞት ሰማ። ተራራው አገር ለቀብር አራት ቀን ሊሄድ ሆነ። አፈር ያቅልልላት ለማለት ቃሉን በጀርመንኛ ባላውቀው እጁን ይዤ ቆምኩ። ቁልፉን ሰጠኝ። «የመጨረሻውን ዙር በአዲሶቹ ግላሶች አስገቢ፣ በየቀኑ ክፈቺ፣ ሌላ ምንም አትንኪ። ውልሽን ተመልሼ እፈርማለሁ» አለኝ። ያኔ ለቀማ የሚያግዙን ሰዎች ሄደዋል፤ እዚያ ቤት ከሼፉና ከእኔ በቀር ሠራተኛ አልነበረም።

ግላሶቹን በፈላ ውኃ አጠብኳቸው፤ አቼቶ ይሸታሉ። በሶዳ አጠብኳቸው፤ ይሸታሉ። በሎሚ ብልም ያው። ክዳናቸው ዓመታት የጠጣውን አልለቅ አለ። አበባውን እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ባስገባው ኪያር ሊሸት ነው! ሼፉ ጋ በሐዘኑ መሃል ለመደወል አፈርኩ። ቁጭ ብዬ ሳስብ እህቴ የሰጠችኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የቀረው ፌስታል ትዝ አለኝ።

አይ የኔ ነገር! ወላሂ አንድ ጊዜ እንኳን አላመነታሁም። የሚከረፋ ዕቃ ምን ይደረጋል? ይታጠናል። ከጓሮ፣ በጠራራ ቀን፣ አሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ ፍም አድርጌ ወይራውን ጣል አደረግኩበት። ግላሱን እደፋበታለሁ፣ ነጭ ጢስ ይሞላዋል፣ ክዳኑን ከድኜ አቆየዋለሁ። አርባውንም ከነክዳናቸው አጠንኩ። ከዚያ ሁሉ ወር ፍርሃት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ የሚያውቀውን ሥራ ሠራሁ። ማንም «ላንግሳም» አላለኝም። እያንጎራጎርኩ ሁሉ ነበር መሰለኝ። ስጨርስ አቼቶው ድምጥማጡ ጠፍቷል። አበባውን ሞላሁ፣ ከደንኩ፣ በራሴ ኮርቼ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ የመጀመሪያውን ስከፍት የእናቴ ጓዳ ሸተተኝ። «እሰይ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ ከጎኑ ያለውን፣ ከዱሮዎቹ አንዱን ከፈትኩ። ሎሚ፣ ጥድ፣ ያ ጣፋጩ። ተመልሼ ወደ አዲሱ አፍንጫዬን ከተትኩ። ወይራ። ጥልቅ አድርጌ ሳብኩ። ወይራ ብቻ! ሃንፉ የለም፤ ጢሱ ውጦታል። እኛ ወተቱ ወይራ እንዲሸት ነው የምናጥነው፤ እነዚህ ግን የሚሸጡት የአበባውን የራሱን ሽታ ነው። ይሄን ለማወቅ አንድ ቀን ዘገየሁ።

እህቴ ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ የወይራ ሽታ ከዕቃ እንዴት ይለቃል?»

«ምን ሲደረግ ይለቃል! እንዳይለቅ አይደል የሚታጠነው?» ብላ ሳቀች። «ምነው ድምፅሽ?»

«ምንም። ደህና ነኝ።»

ሽታው ይውጣ ብዬ የአርባውንም ክዳን ቀኑን ሙሉ ከፍቼ ዋልኩ። ከሰዓት ላይ መለኪያው ከአምሳ በታች ወርዷል። አበባውን በጣቴ ስነካው እንደ አሮጌ ትምባሆ ፍርፍር አለ። በአንድ ጥፋት ላይ ሌላ ደረብኩ። ዘጋኋቸው። ከዚያ ሁለት ቀን እየሄድኩ እከፍታለሁ፣ አሸታለሁ፣ እዘጋለሁ። ምናልባት ለእኔ አፍንጫ ብቻ ይሆናል እላለሁ። ምናልባት ሼፉ ጉንፋን ይዞት ይመጣል እላለሁ። ለሰው ጉንፋን የምመኝ ሴት ሆንኩ! እውነቱን እነግረዋለሁ ብዬ ደግሞ በጀርመንኛ እለማመዳለሁ፤ ጥፋተኛ ነኝ፣ አላወቅኩም፣ ይቅርታ። በልምምዱ ላይ ጎበዝ ነበርኩ።

ሼፉ በአምስተኛው ቀን ጠዋት መጣ። ፊቱ ከስቷል። ወደ ግላሶቹ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ቢሮው ገብቶ ወረቀት ይዞ ወጣ። «እህቴ ሁሉን ነገር ነገ ነገ ስትል ሄደች» አለኝ። «እኔ አላቆይም።» ብዕሩን አውጥቶ ቆሞ ፈረመ። ያን ጊዜ ልነግረው ይገባ ነበር። የተለማመድኩት ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀበልኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ዚፑን ዘጋሁት።

ከዚያ ሄዶ የመጀመሪያውን አዲስ ግላስ ከፈተ። አሸተተ። ዘጋው። ትንሽ ቆየና እንደገና ከፍቶ አሸተተ። ሌላ ከፈተ። ሌላ።

«ጢስ ነው» አለ። «ምን ሆኖ ነው?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ዕቃዎቹ ሲመጡም ይሸቱ ነበር» አልኩት። «ደጋግሜ አጠብኳቸው፣ አልለቀቀም። ሽማግሌው ምናልባት ሥጋ የሚያጨስበት ቤት አስቀምጧቸው ይሆናል።»

አመነኝ! ቢጠራጠረኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አንሥቶ ሽማግሌው ላይ ጮኸባቸው፤ እሱ ዘንድ ከመጣሁ ጀምሮ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። ሽማግሌው ያንኑ ቀን መጡ። አንዱን ግላስ አንሥተው አሸተቱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ቤት ጢስ የለም፣ በሚስቴ መቃብር እምላለሁ» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ አይደለሽ ያጠብሻቸው? ስታጥቢያቸው ጢስ ይሸቱ ነበር?»

«አዎ» አልኳቸው።

አዩኝ። እኔ የሚስታቸውን ጽሑፍ የያዘውን ወረቀት እያየሁ ነበር። ከዚያ ግላሶቹን አንድ በአንድ መኪናቸው ላይ ጫኑ፤ ላግዝዎት አላልኳቸውም። አበባው ለማዳበሪያ ተጣለ።

ወረቀቴ በጃንዋር ገባ። መልሱ እስኪመጣ ስምንት ወር ጠበቅኩ። ሰው ሁሉ ፍርሃቴ ስለ መልሱ ይመስለው ነበር፤ «አብሽሪ፣ ይሆናል» ይሉኛል። ስለ እሱም ነበር። ግን ክሎተን የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ሽማግሌ ሰው ባየሁ ቁጥር ወርጄ ሌላ እጠብቃለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ የቀረውን ወይራ ወንዝ ጣልኩት። እህቴ እርጎ ስታቀርብልኝ ሆዴን አመመኝ እላለሁ። እሷም በኋላ የሥራዬን እውነት ሰምታ ሁለት ወር አኮረፈችኝ፤ ስለ ግላሶቹ ግን ለሷም አልነገርኳትም።

ልጄ በመከር መጣች። እህቴም ከጄኔቫ ድረስ መጥታ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ አብረን ተቀበልናት። ከእኔ ትረዝማለች! ከመስታወቱ በር ስትወጣ መጀመሪያ አላወቅኳትም፤ እሷ ናት «እሙ!» ያለችኝ። ሳቅፋት፣ ገና ፊቷን አንገቴ ሥር ሳትቀብረው፣ ወይራ ሸተተኝ። ልብሷ አይደለም። በክንዷ አቅፋ የያዘችው በዛጎል ያጌጠ ቅል ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እማዬ ናት የላከችው። አጥና አጥና ነው የሰጠችኝ፤ ባዶ ነው ግን፣ ምግብ አያስገቡም ስላሉ። አንቺንና እኔን ላገናኘ ሰው በእጅሽ ስጪ ብላኛለች።»

«የትኛው ሰው?»

«የፈረመልሽ ሰውዬ ነዋ፣ አሠሪሽ!»

ቤት እንደገባን ቅሉን በፌስታል ጠቅልዬ ከቁም ሣጥኑ በላይ አስቀመጥኩት። ነገ እሰጠዋለሁ አልኳት። በማግሥቱ ጠዋት ልሄድ ስነሣ ልጄ ለብሳ፣ ቅሉን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«አንቺ ዕረፊ፣ ገና ትናንት መምጣትሽ ነው።»

«በእጅሽ ብላኛለች።»

«እኔ ብሰጠው ምን ይላል?»

«አደራ ነው፣ እሙ!» አለችኝ፣ በእናቴ ቁጣ። ይዣት ወጣሁ።

ሼፉ ልጄን ሲያይ ፊቱ በራ። እጇን ጨብጦ ያዛት፣ «እንኳን ደህና መጣሽ» የሚለውን እኔ ያስተማርኩትን እየተኮላተፈ አላት። ልጄ ጎንበስ ብላ ቅሉን በሁለት እጇ ሰጠችው። ዛጎሉን አላየውም። እንደ ልማዱ ክዳኑን ከፍቶ አፍንጫውን አስገባ።

ቆመ። ክዳኑን መለሰው። ትንሽ ቆየና እንደገና ከፍቶ አሸተተ፣ ግላሶቹን እንደሚያሸት፣ በዚያው ቀስታ። ከዚያ ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ማኅተም አየሁ።

«ሽማግሌው በሚስቱ መቃብር ማለልኝ» አለ። ዘወትር በሚያወራው የመንደሩ አነጋገር አይደለም፤ አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ በጥሩ ጀርመንኛ ነው የተናገረው። «አላመንኩትም። አንቺን አመንኩ።»

ልጄ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ፈገግታዋ ገና አልጠፋም።

«ምን አለ፣ እሙ? ወደደው?»

በጣም ወደደው የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ደህና ነኝ ያለ ምላስ ነው፣ ምን ያቅተዋል? ግን የመጣችው ልትሰማኝ ነው፤ በዚህ አገር ከእኔ በቀር የሚነግራት ሰው የላትም። ወንበሩን ስቤ ቁጭ አልኩ።

«ይሄ ሽታ ከዚህ በፊት እዚህ ቤት ገብቶ ዕቃ አበላሽቷል» አልኳት። «ያስገባሁት እኔ ነኝ። ውሌን እንዳላጣ ብዬ በአንድ ሽማግሌ አሳበብኩ። ሰውዬው እውነቱን ማለ፣ ማንም አላመነውም። አንቺ የመጣሽው እንደዚያ ነው።»

የልጄ ፈገግታ ጠፋ። እጄን አልያዘችኝም፣ አላለቀሰችም። ወደ ጠረጴዛው ሄደችና ሼፉን በእጇ ምልክት ይቅርታ ጠይቃው ቅሉን መልሳ አነሣች።

«እማዬ ያገናኘን ሰው ነው ያለችኝ» አለች። «ያገናኘንማ ሽማግሌው ነዋ። ቤቱ ሩቅ ነው?»

«ሩቅ አይደለም» አልኳት። «ክሎተን ነው፣ ትናንት አንቺን ከተቀበልንበት።»

ሼፉ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ነገርኩት። ኮቱን ከመስቀያው አውርዶ የመኪናውን ቁልፍ ፈለገ።